በማሽን የተሞላ ፊት

ሥራ የጀመርኩት ወለል በመጥረግ አይደለም። የሙያ ባልደረቦቼ ስለ መጀመሪያ ቀናቸው ሲያወሩ ሁሉም መጥረጊያ ይዞ ነው የሚነሳው። እኔ በመጀመሪያው ቀን የተሰጠኝ የሰው ፊት ነው።

ያኔ ከተማዋን አዋሳ ነበር የምንላት። መናኸሪያ አካባቢ አንድ ፎቶ ቤት ነበር። ባለቤቱ አቶ ገረመው ሲያናግሩ ሰውን የማያዩ፣ ፎቶን ብቻ የሚያዩ ሰው ነበሩ። ሥራ ፍለጋ ስገባ ቀና ሳይሉ የአንዲት ሙሽራ ኔጌቲቭና በምላጭ እንደ መርፌ የሾለ እርሳስ ወደ እኔ ገፋ አደረጉ።

«ግንባሯ ላይ ምልክት አለ። አጥፋው» አሉኝ።

ኔጌቲቩን ወደ መብራቱ አነሳሁት። በኔጌቲቭ ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ የሚጠቁረውን ነጥብ ለማንጣት፣ ኔጌቲቩ ላይ በእርሳስ ማጥቆር ያስፈልጋል። ይህን ማንም አልነገረኝም። ቆሜ ሳየው ገባኝ።

«ሠርተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም፤ ግን እችላለሁ።»

ሠራሁት። አቶ ገረመው አጥበው ካወጡት በኋላ ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩት። «እጅህ ጥሩ ነው። አፍህ ግን ይበልጣል» አሉኝ። ከዚያም የቤቱን ደንብ ነገሩኝ። «እዚህ ቤት ደንበኛ ፊት አልችልም አይባልም። ካልቻልክ ገብተህ ትማራለህ እንጂ እሱን አትመልሰውም።»

ይህን ደንብ እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ አክብሬዋለሁ። እስከዚያ ደንበኛ ከእኔ አፍ አልችልም የሚል ቃል ሰምቶ አያውቅም ነበር።

አቶ ገረመው የሙያው ምስጢር እንዳይወጣባቸው ኬሚካሉን የሚቀላቅሉት በሩን ቆልፈው ነበር። እኔ ግን ኬሚካሎቹን በየሽታቸው ለየኋቸው። ፊልም ማጠቢያው፣ ማጠቡን የሚያቆመው፣ ምስሉን የሚያጸናው፣ እያንዳንዱ የራሱ ሽታ አለው። ከክፍሉ ሲወጡ እጃቸው ምን ምን እንደሚሸት እያስተዋልኩ ቅደም ተከተሉን ያዝኩ። ከዚያ አንድ ቀን ታመው ሲቀሩ በሩን በራሴ ከፍቼ የቀኑን ፊልም በሙሉ አጠብኩ። ሲመለሱ ፊልሙን አንድ በአንድ ወደ መብራት አንስተው መረመሩ። ቁልፉንም ከዚያ በኋላ ለብቻቸው አልያዙትም።

በፎቶ ቤት ማዕረግ ነበረ። ታች ፎቶ ቆራጭ፣ ከዚያ አጣቢ፣ ከዚያ ፊት የሚያስተካክለው፣ ከላይ አንሺው። እኔ ሁሉንም ነበርኩ። ሐይቅ ዳር ለሽርሽር የሚመጣውን፣ ከመናኸሪያ ተሳፍሮ ከመሄዱ በፊት ለቤተሰቡ ፎቶ የሚተወውን፣ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ የሚነሳውን ሁሉ አንስቻለሁ። ያነሳሁትን ፊት አልረሳም እያልኩ እምል ነበር። አንዳንዴ በመንገድ ላይ ሰው አስቁሜ «አንተ በግራ በኩል ታምራለህ ብዬህ ነበር» እለው ነበር።

ከዚያ ፊልም ቀረ። አቶ ገረመው አረፉ፤ ልጆቻቸው ቤቱን ሲለቁ የኔጌቲቭ ሣጥኖቹን በጋሪ አስጭነው ደፏቸው። የከተማው ግማሽ ፊት ነበር የተደፋው። እኔ ምሥራቅ ከሚባለው ሰፈር ወደ መናኸሪያ በሚወስደው መንገድ ላይ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። ኮምፒውተር በራሴ ተማርኩ። ከዚያ ስልክ መጣና ሁሉም ሰው ፎቶ አንሺ ሆነ። አብረውኝ የሠሩት አንድ በአንድ ዘጉ፤ አንዱ የሞባይል ሽፋን ይሸጣል፣ አንዱ ባጃጅ ይነዳል። እኔ ብቻ ቀረሁ። ጎበዝ ስለሆንኩ ነው እላለሁ፤ ሚስቴ በሕይወት ሳለች ግትር ስለሆንክ ነው ትለኝ ነበር።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን፣ እናንተ ኤአይ የምትሉትን፣ የተማርኩት በዚህ ዕድሜዬ ነው። አሁንም ማንም አላስተማረኝም። ሱቄ ውስጥ ለብቻዬ ቁጭ ብዬ እየነካካሁ ነው ያወቅሁት።

ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ስልካችሁ ላይ «እንደምን» ብላችሁ ስትጽፉ «አደሩ» የሚለውን ቀድሞ ያቀርብላችኋል። እናንተን ስለሚያውቅ አይደለም። ብዙ ሰው እንደዚያ ሲጽፍ ስላየ ነው። ትልቁ ማሽንም ሥራው ይኸው ነው። ብዙ ጽሑፍ አይቷል፣ ብዙ ሥዕል አይቷል፣ ብዙ ፊት አይቷል። የጎደለ ነገር ስትሰጡት አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ቦታ ምን እንደሚኖር ገምቶ ይሞላዋል። ይህን ማብራሪያ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ለመጣ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነገርኩት። «ጋሼ፣ ግማሹ ትክክል ነው» አለኝ። ከመምህር ግማሽ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ሱቄ ውስጥ ለብዙ ነገር እጠቀምበታለሁ። ማመልከቻ የሚያጽፍ ሰው ሲመጣ ጉዳዩን ለማሽኑ በድምፅ ይነግረዋል፤ እኔ አርሜ አትማለሁ። ሐይቅ ዳር ላሉ ሆቴሎች የምግብ ዝርዝራቸውን ለውጭ እንግዳ እተረጉምበታለሁ። ከጉርድ ፎቶ ጀርባ ያለውን ግድግዳ በአንድ ጊዜ ያነጣልኛል። በአማርኛ ደህና ነው። በሲዳማ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ፣ ግን ብዙ ይሳሳታል፤ የማያውቀው ቃል ሲገጥመው አንዱን ፈጥሮ በልበ ሙሉነት ያስቀምጣል።

አጠገቤ ልብስ የሚሰፋው ተሾመ ይህን ሲያይ ስፌቱን አቁሞ ሳቀ።

«ይሄ ነገር አንተን ነው የሚመስለው» አለኝ።

«በምን?»

«አላውቅም አይልማ።»

እኔ እንደ ምስጋና ወሰድኩት።

ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ የድሮ ፎቶ ማደሱ ነበር። ምስጥ የበላውን፣ ውሃ የነካውን፣ ለሁለት የተቀደደውን ያድሳል። እኔ በእርሳስና በቀጭን ብሩሽ ሳምንት የሚፈጅብኝን ወንበሬ ሳይሞቅ ይጨርሰዋል። ሰው ከሩቅ ሰፈር ይመጣልኝ ጀመር። «የሞተ ሰው የሚያስነሳው ሽማግሌ» ይሉኛል ብሎ ተሾመ ነገረኝ። አልተቆጣሁም።

አንድ ቀን እናትና ልጅ ገቡ። እናትየው ወይዘሮ ዓለሚቱ ይባላሉ፤ ምሥራቅ ነው ቤታቸው፣ ዕድሜያቸው ከእኔ ብዙም አይርቅም። ልጃቸው ቤተልሔም ሙሽራ ናት፤ ሠርጓ ቅዳሜ ነበር። ከቦርሳዋ መዝሙር መጽሐፍ አወጣች፣ ከመጽሐፉ ውስጥ ደግሞ በላስቲክ የተጠቀለለች አንዲት ትንሽ ፎቶ።

«አባቴ ነው» አለች። «ሠርጌ ላይ በአባት ወንበር ላይ ትልቅ ሆኖ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ።»

ሦስት ሰዎች ከአንድ የጭነት መኪና አጠገብ ቆመዋል። የመሐለኛው ባርኔጣ አድርጓል፤ ይስቃል። ፊቱ የምስር ፍሬ ያክላል። ግማሹ በባርኔጣው ጥላ ውስጥ ነው፤ በቀረው ላይ ውሃ ወርዶበታል።

«ሌላ የለም?» አልኩ።

ወይዘሮ ዓለሚቱ መለሱ። «ሌላው በጣሪያ ውሃ ሄደ። ማቴዎስ ሹፌር ነበር፤ ከመኪናው ጋር ገደል ገባ። እሷ ሆዴ ውስጥ ነበረች። ሌላ ልጅም የለኝ። የእሱ ወገኖችም አልቀዋል።»

ፎቶዋን ገለበጥኳት። ጀርባዋ ላይ የአቶ ገረመው ፎቶ ቤት ማኅተም አለ። በዚያ ጊዜ ከቤት ውጭ ፎቶ የማነሳው እኔ ነበርኩ። ያንን ሰው ያነሳሁት እኔ ነኝ ማለት ነው። መለስ አድርጌ አየሁት። ፊቱን ማስታወስ አልቻልኩም። ይህን ለእነሱ አልነገርኳቸውም።

«ይቻላል ጋሼ?» አለች ልጅቱ።

«እዚህ ቤት የማይቻል ነገር የለም።»

የማደርገውን በግልጽ ነገርኳቸው፤ ማንም ደብቀሃል አይለኝም። ፊቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ማሽኑ የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል አልኩ። ልጅ ከአባቷ የምትወስደው መልክ ስላለ የቤተልሔምን ፎቶ አብሬ ልስጠው አልኩ። ልጅቱ «ጥሩ» ብላ እዚያው ተነሳችልኝ። እናትየው ትንሿን ፎቶ አንስተው ደግመው አዩ። ዓይኑና አፉ አብዛኛው ከማሽኑ እንደሚመጣ ነገርኳቸው። ሰው ግን ፎቶ ለማሳደስ ሲመጣ ጆሮው የሚሰማው የሚፈልገውን ብቻ ነው።

በማግስቱ መጡ። በትልቁ አትሜ፣ በእንጨት ፍሬም አስገብቼ ግድግዳው ላይ ሰቅዬ ነበር የጠበቅኋቸው። ባርኔጣው ከፍ ብሏል፣ ጥላው ተገፍፏል። ማቴዎስ በትላልቅ ዓይኖቹ ቀጥ ብሎ እያየ ይስቃል። ሥራው እንከን የለውም። ዛሬም እንደዚያ እላለሁ።

ቤተልሔም አፏን በእጇ ይዛ ቆመች። ከዚያ አለቀሰች። «እማዬ፣ እኔን ይመስላል። እዪ፣ ዓይኑ የኔ ነው።»

ወይዘሮ ዓለሚቱ ወደ ፍሬሙ ተጠጉ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ለልጃቸው በሲዳሙ አፎ ተናገሩ። ቋንቋውን በራሴ ተምሬዋለሁና ሰማሁ። «አንቺ የምትመስዪው እኔን ነው» ነበር ያሏት።

ልጅቱ አልሰማችም፤ ወይም መስማት አልፈለገችም።

ወይዘሮ ዓለሚቱ ወደ እኔ ዞሩ። «ጋሽ ዘለቀ፣ ፍንጭቱ የት ሄደ?»

«የቱ ፍንጭት?»

«የፊት ጥርሱ ፍንጭት ነበር። ሲስቅ ምላሱ እዚያ ጋ ትታይ ነበር። ጓደኞቹ በፍንጭቱ ያፏጫል እያሉ ይቀልዱበት ነበር።»

ወደ ኮምፒውተሩ ሄጄ ትንሿን ፎቶ አጉልቼ አየሁ። በጥርሱ መሐል አንዲት ጥቁር ነጥብ ነበረች። ማሽኑ እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ አጥፍቷታል። አብዛኛው ሰው ፍንጭት የለውማ።

«ላስገባው?» አልኩ። «ቀላል ነው።»

«ይተዉት ጋሼ» አለች ቤተልሔም። «እንዲህ ያምራል። እማዬ፣ ተዪው በናትሽ። እኔ አባት ሲኖረኝ ገና ዛሬ ነው።»

እናትየው ልጃቸውን አዩ። ሠርጉ ቅርብ ነበር፤ ልጅቱ ፊቷ በእንባ ርሷል። ስለ ፍንጭቱ ዳግመኛ አልተናገሩም። «ይሁን» አሉ። ትንሿን ፎቶ በላስቲኳ ጠቅልለው መዝሙር መጽሐፉ ውስጥ መለሱ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው ግድግዳውን አዩ፤ ባዶ ነበር፤ ፍሬሙን ልጅቱ ይዛዋለች።

ሠርጉ ላይ ተጠርቼ ነበር። ማቴዎስ በአባት ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ነጭ ሪባን አስረውለታል። ከቤተ ክርስቲያን የመጣው ሰው ሁሉ እየተጠጋ ያያል። «ቁርጥ አባቷን» ይላሉ። አንዱም ማቴዎስን አይቶት የሚያውቅ አልነበረም። ወይዘሮ ዓለሚቱ አጠገቡ ተቀምጠው እንግዳ ይቀበላሉ። ሰዎች ማን እንደሠራው ሲጠይቁ ልጅቱ ወደ እኔ ታመለክታለች። ብዙ እጅ ጨበጥኩ። በዚያ ቀን በጣም ኮርቼ ነበር ወደ ቤቴ የሄድኩት።

ከሠርጉ በኋላ ሥራ በዛልኝ። ሙሽሮች፣ ሐዘንተኞች፣ ወላጆቻቸውን በልጅነታቸው ያጡ ሰዎች መጡ። ሁሉም ትንሽና የደበዘዘ ፎቶ ይዘው ይመጣሉ፤ ሁሉም ትልቅና ጥርት ያለ ፊት ይዘው ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ ግድግዳዬ ላይ በርከት ያሉ ፍሬሞች ተደርድረው ሳሉ ተሾመ ገባ። ዞር ዞር ብሎ አያቸው።

«ወንድማማቾች ናቸው?» አለኝ።

«ማን?»

«እነዚህ ሁሉ።»

አንዱ የጋሞ፣ አንዱ የወላይታ፣ አንዱ የጎንደር ሰው ነበር። አየኋቸው። ዓይናቸው እኩል ያበራል፣ ጥርሳቸው እኩል ነጭ ነው፣ አንዱም ፊት አልተጣመመም። «ብርሃኑ ነው» አልኩት። ተሾመ ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

ባለፈው ዓመት፣ ዝናብ በሚበዛበት ወቅት፣ ወይዘሮ ዓለሚቱ ብቻቸውን መጡ። ከስተዋል። ጃንጥላቸውን በሩ ላይ አቁመው ወንበር ላይ አረፍ አሉ። ቤተልሔም ከባሏ ጋር ሌላ ከተማ ሄዳለች። ቤት ውስጥ ከማቴዎስ ጋር ብቻቸውን ናቸው።

«ሳሎን ነው ያለው» አሉኝ። «ከመኝታ ቤት ስወጣ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። እንደምን አደርክ እለዋለሁ። ሰው ቢሰማኝ አብዳለች ይለኛል።»

«አይልዎትም» አልኩ።

ከቦርሳቸው መዝሙር መጽሐፉን አወጡ። ትንሿን ፎቶ ከላስቲኳ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሯት።

«ይቺን እንደ ትልቁ ያድርጉልኝ።»

አልገባኝም። «ሌላ ትልቅ ላትምልዎት?»

«አይደለም። ይቺኑ ራሷን። ትልቁ ላይ ያለውን ፊት በትንሹ አድርገው ይለጥፉባትና እንደ አዲስ ያትሙልኝ። ይቺን ስገልጥ ሌላ ሰው ነው የማየው። ጸሎት ስይዝ መጽሐፉ መሐል አንድ የማላውቀው ሹፌር ይመጣብኛል። ደስ አይለኝም።»

ፎቶዋን አነሳኋት። ያው ነው። ባርኔጣው፣ ጥላው፣ የምስር ፍሬ የሚያክለው ፊት።

«ፍንጭቱስ?» አልኩ። «እሱንም ላጥፋው?»

ወይዘሮ ዓለሚቱ ቀና ብለው አዩኝ። ለማስታወስ የሚሞክር ሰው ፊት አልነበረም፤ የሰው ንግግር እንዳልገባው ሰው ነው ያዩኝ።

«የምን ፍንጭት?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታ ነበር። ያልሰሙኝ መስሎኝ ደገምኩት። «የማቴዎስ። ጥርሱ።»

«የማቴዎስ ጥርስ ሙሉ ነበር» አሉ። «ሳሎን መጥተው ይዩት።»

ሥራው ቀላል ነበር። ኮምፒውተሩ ክፍት ነው፤ የትልቁ ፊት ውስጡ አለ። ጃንጥላቸው ሳይደርቅ እጨርሰው ነበር። ከዚያ አሮጌዋን ወረቀት አታስፈልገኝም ብለው ጠረጴዛዬ ላይ ጥለዋት ይሄዱ ነበር።

«አልችልም» አልኳቸው።

ከጎን የተሾመ የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ቆመ።

«እርስዎ?» አሉ ወይዘሮ ዓለሚቱ። «ያኔ ቻሉ አይደል?»

«ያኔ ወደ ትልቅ ነበር። ወደ ትንሽ ሲሆን አይሠራም። ማሽኑ አይቀበለውም።»

ውሸት ነው። አመኑኝ። ማሽን ነገር ሲባል ሰው ያምናል።

«እንግዲያው ይቺን ምን ላድርጋት?»

«ይያዟት። ባለችበት ትቀመጥ።»

ፎቶዋን አገላብጠው አዩዋት። ከዚያ ፎቶዋን በላስቲኳ ጠቅልለው መጽሐፉ ውስጥ አስገቡ፤ ግን መሐል አይደለም፤ መጨረሻ፣ ባዶው ገጽ ጋ። ጃንጥላቸውን አንስተው ወጡ። ዘለቀም አረጀ ብለው ሳይሆን አይቀርም።

ተሾመ ብቅ አለ። «በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀውን ቃል ሰማሁ ልበል?»

«ሥራህን ሥራ» አልኩት።

ወይዘሮ ዓለሚቱ ያንን ፊት የሚያውቁ የመጨረሻዋ ሰው ነበሩ። ልጅቱም ያኔ ሰምታ አልፈለገችውም። አሁን የማቴዎስን ፍንጭት የሚይዝለት እኔ ብቻ ነኝ፤ በካሜራዬ ፊት ቆሞ ቢስቅልኝም ፊቱን ላስታውስ ያልቻልኩ እኔ። የትንሿ ፎቶ ግልባጭ ኮምፒውተሬ ላይ አለች። አንዳንዴ አጉልቼ አያታለሁ። ስትጎላ ፊት መሆኗ ይቀርና ነጠብጣብ ትሆናለች፤ መሐሉ ላይ ጥቁሯ ነጥብ አለች።

አሁንም እሠራለሁ፤ አሁንም በከተማው ከእኔ የሚሻል የለም። ያደስኩት ፎቶ ሁሉ ጀርባ ላይ ግን በእጄ እጽፋለሁ፤ ባርኔጣው የራሱ፣ ዓይኑና ጥርሱ የማሽን፣ እንደዚህ እያልኩ። ደንበኛ አይወደውም። አንዳንዱ በቀለም እንድሸፍነው ይጠይቀኛል። አልሸፍንም።

በሙያው ላላችሁ የምለው ይኸው ነው። ማሽኑ የጎደለውን ይሞላል፤ የሞላውን ግን ከነበረው ለይቶ አይነግራችሁም። መለየት የእናንተ ሥራ ነው። ዋናውን ፎቶ አትንኩ። የምትችሉትንም ቢሆን አልችልም የምትሉበት ቀን ይመጣል።